የእሑድ ጭስ

ጋን ከቀዘቀዘ ይሞታል። ከዚህ ካልጀመርኩ የቀረው አይገባም።

የእኛ ሰፈር ጨርቅ ሰማያዊ የሚነከርበት ሰፈር ነው። በየቤቱ መሬት ውስጥ እስከ አንገቱ የተቀበረ ትልቅ የቀለም ጋን አለ። ከጎኑ በቦይ ፍም ይገባለታል፣ ጠዋት ፉርሽካና የአመድ ውሃ ይሰጠዋል፣ ቀስ ተብሎ ይማሰላል። ሽታው እንግዳ ሰው ያስመልሳል፤ ለእኛ ግን የቤታችን ጠረን ነው። አንድ ቀን ሙሉ ፍም ከተነፈገ ይታመማል፣ የታመመ ጋን ደግሞ አይድንም። የእኔን ጋን ያስጀመረችው የአማቴ እናት ናት። አማቴ ስትሞት ያስረከበችኝ ልጇንና ጋኗን ነው፤ ከሁለቱ የሰነበተልኝ ጋኑ ነው።

ጋን ዕረፍት አያውቅም፤ ሰው ግን ያውቃል። የእኛ የዕረፍት ቀን እሑድ ነው፣ የነባሮቹ ማክሰኞ። ነባሮች የምንለው በእምነት ከእኛ የሚለዩትን ነው፤ ሙያውንም ወደዚህ ሰፈር ያመጡት እነሱ ናቸው። እነሱም እኛም በዕረፍት ቀናችን እሳት አንነካም። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ እኛ በእነሱ ቤት ገብተን ፍም እንጨምርላቸዋለን፣ እሑድ እሑድ እነሱ በእኛ ቤት ገብተው ይጨምሩልናል። ማንም ማንንም አያመሰግንም ነበር። ደጅ እንደመጥረግ ያለ ነገር ነው፤ ደጅ ለጠረገ ማን ምስጋና ያቀርባል?

አንድ ነገር ግን የእነሱ ብቻ ነበር፤ አዲስ ጋን ከባዶ ማስጀመር። እኛ ማጥባት እንጂ መውለድ አናውቅም። ደብቀውን አይደለም። የተጀመረ ጋን በየቤታችን እያለ ምን አስጠየቀን?

ድሮ መንግሥት ከእኛ ሩቅ ነበር። አገረ ገዥው ከነባሮቹ የሚፈልገውን በሽማግሌያቸው በኩል ያስነግራል፤ ሽማግሌው ከየቤቱ ሰብስቦ ያስረክባል፤ በዚያ ፈንታ አገረ ገዥው «እነዚህን ሰዎች የነካ ወየውለት» ይላል። ያን ያህል ወዷቸው አይደለም። እጁ እነሱ ጋ የሚደርሰው በሽማግሌው በኩል ብቻ ስለነበረ ነው። ከዚያ መንገድ መጣ። ከመንገዱ ጋር ጽሕፈት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር የራሱ ግብር ሰብሳቢዎች፣ ከእነሱ ጋር ወታደር መጣ። ሽማግሌው አላስፈለገም። ሽማግሌው ባላስፈለገ ማግስት ደግሞ፣ ነባሮቹ በእምነት እንደሚለዩ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ትዝ አለው።

በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። አንድ አገር፣ አንድ ጸሎት ቤት። የማይገባ በእጁ የያዘውን ይዞ የወሰኑን ድልድይ ይሻገር ተባለ። የሰፈሩ ግማሽ ተሻገረ። ያን ጊዜ ጭስ የማይወጣባቸው ቤቶች ሲበዙ፣ ለወታደር ልብስ የሚሆን ጨርቅ ሲጎድል፣ መንግሥት ደነገጠ። ወዲያው ሌላ ልፈፋ መጣ። እጁ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ድልድዩን እንዳያልፍ፤ የቀረ ነባር ሁሉ ጸሎት ቤት ገብቶ እዚሁ ይሥራ። ውጡ አሉ፣ ሲወጡላቸው አትውጡ አሉ።

ምራቴ ነባር ናት። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ ልጄ የወደዳት በግድግዳው ቀዳዳ ሲያያት ነው እያልን እንስቅ ነበር። ወላጆቿ ሲሻገሩ እሷ እርጉዝ ነበረች። እናቷ እደጄ ላይ ቆማ «እህቴ፣ ልጄን ስጪኝ» አለችኝ። እኔ ግግም አልኩ። ልጅሽ ልጄ ናት፣ በሆዷ ያለው የቤቴ ሰው ነው፣ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም፣ ማንስ ይነካታል አልኳት። ሴትየዋ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች።

ምራቴ ጸሎት ቤት ገባች፣ አዲስ ስም ሰጧት፣ ከዚያ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጄ ገና ልጁን በወጉ ሳያቅፍ ለመንግሥት መንገድ ሥራ ተወሰደ። ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ፣ ሕፃኑና ጋኑ ቀረን።

ከሁሉ የከፋው ያኔ የመጣ አንድ ቃል ነበር፤ «ተመላሽ»። ጸሎት ቤት ገብቶ በልቡ ወደ ድሮው የተመለሰ ማለት ነው። ሳይገቡ የቀሩት ተባረሩ፤ ተመላሽ ግን ኮረብታው ላይ ወዳለው ምሽግ ይወሰዳል። ከምሽግ የተመለሰ ሰው አላየንም። ተመላሽ እናት ከሆነች ልጇ ለመንግሥት አሳዳጊ ቤት ይሰጣል፤ እሱም ስሙ ተቀይሮ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ምራቴ ይህን ከሰማች በኋላ ሕፃኑን ከጎኗ አታርቅም ነበር። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ መጋረጃውን ገልጣ እያየችው ነው።

ተመላሽ እያደነ የሚይዘው ሹም አፍንጫው ዕረፍት የሌለው ሰው ነበር። ጉንፋን ይሁን አመል እንጃ፣ በየደቂቃው ሽው ሽው ያደርጋል። «አነፍናፊው» አልነው። ስንስቅበት ግን ዙሪያችንን አይተን ነው።

አንድ ቀን አነፍናፊው በሚቀጥለው ማክሰኞ ማቅለሚያ ቤቶቹን እንደሚጎበኝ አስነገረ። ሰፈሩ ውስጥ ምግብ የበላ ያለ አይመስለኝም። ማክሰኞ እሳት ያልነካ፣ እጁን ጋን ውስጥ ያልከተተ፣ ጸሎት ቤት የገባ ነባር ሁሉ ተመላሽ ነው ማለት ነው። ምራቴን ተቀምጬ ለመንኳት። አምላክሽ ያይሻል፣ ለልጅሽ ስትይ እንደሆነ ያውቃል፣ እኔ ስለ አንቺ እጠየቃለሁ አልኳት። እሷ ቀና ብላም አላየችኝ። «እትዬ፣ እነካለሁ» አለች።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ፍሙን ራሷ ጫረች። እጇን እስከ ክንዷ ጋኑ ውስጥ ከተተች። እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ጠብ ሲል አየሁት፤ ጋኑ ውስጥ ገባ። አነፍናፊው መጣ፣ ከደጅ ቆመ፣ አያት፣ ሽው አደረገና አለፈ። በየቤቱ እንደዚያው። የገባ ነባር ሁሉ ሥራ ላይ ነበር፤ ማንንም አልያዘም። ማታ ሰፈሩ እንደ ሠርግ ቤት ደስ አለው። ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር ላይ «ተረፍን» ይባባላል። እኔም እንደ ሞኝ አብሬ ሳቅኩ።

እሑድ መጣ። እኔ ጸሎት ቤት ሄድኩ። ምራቴ አራስነቷ ገና ስላላለፈ መቅረት ተፈቅዶላታል፤ ሌሎቹም የገቡ ነባሮች ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው፣ አንዱ በወገብ፣ አንዱ በሆድ ሕመም እያመካኙ ይቀራሉ። ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም፤ እሑድ የእኛን ጋኖች የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንዲያ ነው። ከገቡ በኋላ ያ ነገር መቀየር እንዳለበት ማናችንም አላሰብንም። የፈራነው ማክሰኞን ነበር።

ጸሎቱ መሃል ላይ አነፍናፊው ከወንበሩ ተነሣ። ከእኔ ኋላ ነበር የተቀመጠው፤ ስገባ እጅ ነስቼው ነበር። ወደ መስኮቱ ሄደና ፊቱን ወደ ሰፈራችን ጣሪያዎች አዞረ። አፍንጫውን ቀና አደረገ። እኔም ባየበት አየሁ። ነፋስ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከማቅለሚያ ቤቶቹ ቀጭን ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ክው አልኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁሉም ከልቡ የገባ ቢሆን ኖሮ እሑድ ጭስ አይኖርም ነበር። እሑድ ሁላችንም ጸሎት ቤት ነን፤ ማን ነው እሳት የሚጭር? ማክሰኞን ያስለፈፈው ሁላችንም ወደ ማክሰኞ እንድናይ ነው።

አነፍናፊው ለወታደሩ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። እኔ ጉሮሮዬን የያዘኝ መስዬ እያሳልኩ በጓሮ በር ወጣሁ። በጨርቅ ማጠቢያው በኩል አቋራጭ አለ።  እንዳልሮጥ የሚያየኝ ሰው ይጠረጥራል፤ ቀስ ብዬ እንዳልሄድ ይቀድሙኛል። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ አልተመለስኩለትም።

ስገባ ምራቴ ጋኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። እጇን እስከ ክንዷ ከታ ጨርቅ ታገላብጣለች። ፍም ብቻ ጨምሪ ብያት ነበር፤ ቀኑን በከንቱ ማሳለፍ አትወድም። ሕፃኑ ቅርጫቱ ውስጥ ተኝቷል። እጇን ስታወጣ አረንጓዴ ነው። ይህንንም ላስረዳ። ጋኑ ውስጥ ቀለሙ ሰማያዊ አይደለም፤ ከዚያ የወጣ ጨርቅም እጅም መጀመሪያ አረንጓዴ ይሆናል፣ አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። የሁላችንም እጅ ሰማያዊ ነው፤ ስለዚህ ሰማያዊ እጅ ማንንም አያስይዝም። አረንጓዴ እጅ ግን አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ እየሠራሁ ነበር ይላል። አነፍናፊውም ይህን ያውቃል፤ ሰፈሩን ሲሰልል ነው የከረመው።

«መጡ» አልኳት። «አልጋሽ ላይ ውጪ። እጅሽን ብርድ ልብስ ውስጥ አታስገቢ፣ አየር ይንካው።»

 ቅርጫቱን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እኔ እጅጌዬን እንኳ ሳልሰበስብ ሁለት እጄን ጋኑ ውስጥ ከተትኩ። መንገዱ ላይ የቦት ጫማ ድምፅ ይሰማኛል። ከላይኛው ቤት አንዲት ሴት ጮኸች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ። የማን ድምፅ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ራሴን ግን አላወቅኩም አልኩት።

በሩ ተንኳኳ። መቀርቀሪያው ድሮም ያዝ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ አጥብቄ ያዝኩት። ቆዩ፣ አርጅቷል፣ ወደ ላይ ነው የሚነሣው፣ አይ ወደ ታች ነው፣ እያልኩ የማወራውን አላውቅም። በልቤ የምቆጥረው የእጇን ቀለም ነው፤ አሁን ጣቷ ዞሯል፣ አሁን መዳፏ ዞሯል። ወታደሩ በትከሻው ሲገፋው መቀርቀሪያው ተነቀለ።

አነፍናፊው ፍሙን አየ፣ ጋኑን አየ፣ አረንጓዴ ውሃ የሚንጠባጠበውን እጄን አየ።

«አንቺ አሁን ከፊቴ ተቀምጠሽ አልነበረም?»

«ነበርኩ። ጋኑ ትዝ ሲለኝ ወጣሁ።»

«ጭሱን ያየሁት አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ነው።»

«ፍሙን ጠዋት ነው የጨመርኩት። ቤቱ የእኔ፣ ጋኑ የእኔ፣ ኃጢአቱም የእኔ ነው።»

ሽው አደረገ። ምራትሽስ አለኝ። አራስ ናት፣ ተኝታለች፣ አራስ ቤት ወንድ አይገባም ልለው ስል መጋረጃውን ገልጧል። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። እጅሽን አላት። ዘረጋችው። ሰማያዊ ነው። ትንፋሼ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል በጣቶቿ መሃል አየሁ። ገጥማቸው ስለቆየች አየሩ እዚያ አልገባም፤ በጣትና በጣት መሃል ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለ። እሷም አይታዋለች መሰለኝ፣ ጣቶቿን እንደገና ገጠመቻቸው።

«ክፈቺያቸው» አላት።

ያን ጊዜ ሕፃኑ ጮኸ። የእናት እጅ ምን ያስተውላል፣ ሳታስበው አነሣችው። ነጩ መጠቅለያ ላይ ጣቶቿ ያረፉበት ቦታ አረንጓዴ ሆነ። አራት ጣት። በዓይኔ በብሌኑ አየሁት።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ዘልዬ ሕፃኑን ከእጇ ነጠቅኩና በሁለት እጄ ከነሚንጠባጠበው ቀለም ደረቴ ላይ አቀፍኩት። መጠቅለያው፣ ቀሚሴ፣ የሕፃኑ እግር ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ልጅ እያስለቀሱ እጅ ማየት ምን ይባላል፣ አራስ ማስደንገጥ ነውር አይደለም ወይ፣ ወተቷ ቢደርቅ እርስዎ ሊያጠቡ ነው ወይ፣ አፌ ያመጣውን ሁሉ አልኩ። እሷ እጇን ከፍታ፣ ዘርግታ፣ ከፊቱ ቆመች። ሕፃኑን ስነጥቃት የእኔ ቀለም እሷም ላይ ተንጠባጥቧል፤ የማን የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አነፍናፊው ዓይኑን መጠቅለያው ላይ ተከለ። የሕፃኑ ልቅሶ ብቻ ነበር። ቀስ ብሎ መጠቅለያው ላይ ያለው አረንጓዴ ሲጨልም፣ ሰማያዊ ሲሆን አብረን አየነው።

«አንቺ ከራሳችን ሰው ነሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ከራሳችን ሰው ስለሆንሽ ምሽግ አይወስዱሽም። ጋኑን ግን አታገኚውም።»

ወታደሮቹ ጋኑን በዶማ ሰበሩት። ቀለሙ በበሩ ወጥቶ ወደ መንገዱ ፈሰሰ፤ ሲፈስ አረንጓዴ ነው፣ ታች ማዶ ሲደርስ ሰማያዊ። ከሌሎች ቤቶችም ይፈስ ነበር። ከላይኛው ቤት እናትና አባት በጭነት መኪና ሲወሰዱ ከበራችን አለፉ። ልጆቻቸው በሌላ መኪና። ምራቴ መጋረጃውን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች። አነፍናፊው ሲወጣ ወደ እሷ ዞሮ ማክሰኞ እመለሳለሁ አለ።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም ያልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት እኔው ራሴ ልብሷን በጨርቅ ቋጠርኩ።

እምቢ አለች። አብረን እንሂድ አለች። ልጄ ከመንገድ ሥራው ሲመለስ ቤቱን ባዶ አያገኘውም፣ አንቺ ጋ የሚልከውም ሰው ያስፈልጋል አልኳት። «ደግሞ እኔ ያልኩት እንደማይቀየር ታውቂያለሽ» ስላት ፈገግ አለች፤ ያን ሳምንት ፈገግ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጨርቅ የሚያመላልሰው ሹፌር ያውቀናል። ከጎኑ አስቀመጣት። ችግሩ ድልድዩ ነበር፤ ዘበኛው እጅ ነው የሚያየው። እኔ ሕፃኑን ይዤ አብሬ ሄድኩ። ምራቴ ነጠላዋን ተከናንባ እጇን ከሥሩ ደበቀች። ዘበኛው መኪናውን አስቆመና የመጀመሪያ ነገር ያየው የእኔን እጅ ነው።

ቀለም ነካሪ አያልፍም አለኝ። እኔስ መች አልፋለሁ፣ ልጅቷ ታማ ለሕክምና ነው፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ልጇን ይዤላት ነው አልኩት። ውረጂ አለኝ። ወረድኩ። እሱ እኔን ሲያመናጭቅ፣ ሰማያዊ እጄን ይዞ ለጓደኛው ሲያሳይ፣ በእኔ ላይ ሲሳለቁ፣ ወደ መኪናው ውስጥ አላየም። እንዲሳለቁብኝ ደግሞ ረዳኋቸው፤ ሳሙና ካላችሁ ስጡኝና ላስለቅቀው አልኩ። ሲበቃቸው ልጁን ስጫት አሉኝ። ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተኛሁት። እጇን አላወጣችም። ዓይኗን ብቻ አነሣችልኝ።

መኪናው ድልድዩ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።  ለምን እንደቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ሞተሩ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ሄደ፣ ማዶ ያለውን ዳገት ወጣ፣ ጠፋ።

ማክሰኞ አነፍናፊው እንዳለው መጣ። ወታደር አልያዘም። የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ዘመድ ጋ ሄዳለች፣ ታማለች፣ ትመለሳለች። እሱ ግን ስለ እሷ አልጠየቀኝም። የጋኑ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ውስጡን አየ። ፂሙን አልተላጨም።

«እናቴ፣ ቢቀመጡ» አለኝ። አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው።

እኔ አልተቀመጥኩም። እሱ ተቀመጠ። ለጦሩ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ ከበላይ እየተጠየቀ መሆኑን፣ ያልሰበሯቸው ጋኖችም እሑድ ፍም በማጣት እየሞቱ መሆናቸውን ነገረኝ። ጨርቁን ሊረከቡ የሚመጡት ሰዎች ጋን ሞቷል የሚል መልስ አይሰሙም አለ። ሲያወራ ድምፁ ወደ ታች ወረደ። የእኛን ፍርሃት አሳምሬ ስለማውቅ የእሱንም ወዲያው አወቅኩት።

«በዚህ ሰፈር አዲስ ጋን ከባዶ ማስጀመር የሚችል ማን ቀረ?» አለኝ። «አንድ ሰው ይንገሩኝ። ማንም ይሁን፣ ማንም አይነካውም። የእርስዎንም ጋን ራሴ አስተክልልዎታለሁ።»

ጋኔ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፣ ሽታው ሳይቀር። ምራቴ ከእናቷ እንዴት እንደሚጀመር ተምራለች፤ ይህን የሚያውቅ እኔና ልጄ ብቻ ነን። ማንም አይነካውም ያለውንም አስታወስኩ፤ እኔም ለእናቷ እንደዚያው ብያት ነበር።

«ማንም» አልኩት።

«አንድም?»

«አንድም የለም።»

ሽው አደረገ። አላመነኝም። ለበላዮቹ ይዞ የሚሄደው ስም ስላላገኘ ግን አልተነሣም፤ የተሰበረው በሬ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከመንገዱ ሰው ያየዋል፣ እሱ ግን እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ።